የዱቤ ደብተሩ ጀርባ፦ የአርሴናል ደጋፊዎች የክረምት ክርክር (የጉዳይ ጥናት)

ሳሪስ አካባቢ ኳስ የሚያሳይ አንድ ምግብ ቤት አለ። በ2013 ዓ.ም ክረምት እዚያ የሚሰበሰቡ የአርሴናል ደጋፊዎች ሊጉ ሳይጀመር ሲጨቃጨቁ ከርመው፣ በመጨረሻ ጭቅጭቁን ወደ ጽሑፍ አዞሩት። ጉዳዩን የመዘገብኩት የኳስ ክርክር የቱ ጋ እንደሚበላሽ በደንብ ስላሳየኝ ነው። ስም አልጠራም፤ ሰዎቹን በሥራቸው እጠቅሳለሁ። የውድድር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የቤቱን ነገር ግን በራሳችን ቀን ጽፌዋለሁ።

ዳራ

ቤተኞቹ 9 ናቸው። ባለ ጋራዥ፣ የሚኒባስ ሹፌር፣ የባንክ ሠራተኛ የሆነች ወጣት፣ ልብስ ሰፊ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ሁለት ተማሪዎች፣ ሁለት ደግሞ ባለሱቆች። እኔ ከጎናቸው እቀመጣለሁ፤ ግምት አላስመዘገብኩም፤ ጸሐፊ ሆኜ ነው የቆየሁት። የቤቱ ባለቤት እትዬ ኳስ አያዩም። ዱቤ የሚመዘግቡበት ባለ ካሬ ደብተር ግን ከእጃቸው አይጠፋም፤ በኋላ ላይ ቁም ነገሩ እሱ ሆነ።

የዚያን ክረምት የአርሴናል ሁኔታ ለክርክር የተመቸ ነበር። ቡድኑ በ2019/20 በ56 ነጥብ 8ኛ፣ በ2020/21 በ61 ነጥብ እንደገና 8ኛ ወጥቷል። ከ25 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፓ ውድድር አይሳተፍም። በሚያዝያ ወር ባለቤቶቹ ክለቡን ትልልቅ ክለቦች ለብቻቸው ሊያቋቁሙት ባሰቡት ሱፐር ሊግ ውስጥ ሊያስገቡት ሞክረው፣ ጩኸት ሲበረታባቸው በቀናት ውስጥ ወጥተዋል። የክለቡ ተጫዋች ሳካ ለእንግሊዝ ተሰልፎ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ ዘረኛ ስድብ ሲወርድበት የከረመው በዚያው ሐምሌ ነው። ባጭሩ ሁሉም ሆድ ብሶታል።

ሌላ ገጽታም ነበረው። በ2020/21 ቡድኑ ከ14 ጨዋታ 14 ነጥብ ብቻ ይዞ 15ኛ ነበር። ከዚያ ቼልሲን 3 ለ 1 አሸነፈና በቀሩት 24 ጨዋታዎች 47 ነጥብ ሰበሰበ። የመጨረሻዎቹን 5 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፏል። የተቆጠረበት ጎል 39 ነው፤ ከዚያ ያነሰ የገባባቸው ሲቲና ቼልሲ ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ዓመት ለተከራካሪ ሠርግና ምላሽ ነው። ተስፈኛውም ተስፋ የቆረጠውም ማስረጃ አያጣም።

ችግሩ

ጠቡ የጀመረው ከዓመት በፊት ነው። አርሴናል በ2020 ቼልሲን 2 ለ 1 አሸንፎ ኤፍኤ ካፕን ሲወስድ ባለ ጋራዡ "ዘንድሮ አርሴናል ሌላ ቡድን ነው፤ ታያለህ!" አለ። ሹፌሩ "ወሬ!" አለው። በክትፎ ተወራረዱ። ክትፎው የሚበላው ሊጉ ሲያልቅ ነው።

ሊጉ አለቀ። ሹፌሩ "8ኛ ነበርን፣ 8ኛ ወጣን፤ ክፈል" አለ። ባለ ጋራዡ 24 ጨዋታ፣ 47 ነጥብ እያለ ቆጠረና "አንተ ነህ የምትከፍለው" አለ። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። ማንም አልከፈለም። ከሰኔ ጀምሮ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አቆሙ፤ የተቀረውም ሰው ቀስ በቀስ ግራና ቀኝ ተከፈለ። ክትፎ እንዲህ ሰው ያለያያል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አዲሱ ዓመት ሲቃረብ ያው ጨዋታ በሌላ ርዕስ ቀጠለ። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ የሚባለውን ስከታተል አራት የተለያዩ ክርክሮች ባንድ ላይ ተደባልቀው አገኘኋቸው። አንደኛው አሠልጣኙ አርቴታ ይቆይ ወይስ ይሂድ የሚለው ነው። ሁለተኛው በባለቤቶቹ ላይ ያለው ንዴት። ሦስተኛው የዝውውሩ ጉዳይ ነው፦ ቤን ኋይትን በ50 ሚሊዮን ፓውንድ መግዛት፣ በውሰት ኒውካስል ሄዶ በተከታታይ 7 ጨዋታ ያገባውን ዊሎክን እዚያው መሸጥ። አራተኛው፣ ትንሽ ጊዜ የተሰጠው፣ ቡድኑ ስንተኛ ይወጣል የሚለው ነበር።

ልብስ ሰፊው "10ኛ ነን" ሲል ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። መልሱ በሙሉ ስለ ሱፐር ሊግ ነበር። ስለ ተከላካይ መስመር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሰውየው የተናገረው ቁጥር ቢሆንም፣ ግምት ሳይሆን ቅሬታ ነው ያቀረበው። ባለ ጋራዡ "3ኛ" ሲልም ያው ነው፤ የአርቴታ ጠበቃ ሆኖ ነው የሚናገረው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የድሮው ዕዳ መዘጋት ነበረበት። ባለ ጋራዡና ሹፌሩ ለዳኝነት መምህሩ ፊት ቀረቡ።

"ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን።"

"ስንወራረድ ስንተኛ ይወጣል ተባባላችሁ?"

"አይ።"

"ስንት ነጥብስ?"

"እሱንም አላልንም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ በምን ልፍረድ? ግማሽ ግማሽ ክፈሉ።"

ሁለቱም ቅር እያላቸው ተቀበሉ። ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር ክትፎው እስኪፈታ ቆየ። የተበላው ነሐሴ 16፣ እሑድ ነው፤ ያን ምሽት አርሴናል በቼልሲ 2 ለ 0 ተሸነፈ።

ቀጥሎ መምህሩ ሥርዓት አወጡ። እያንዳንዱ ሰው አራት ነገር ያስመዘግባል፦ ደረጃ፣ ነጥብ፣ በሊጉ ብዙ የሚያገባው ተጫዋች ማን እንደሚሆን፣ ምን ሊበላሽ እንደሚችል። ከእያንዳንዱ ጎን አንድ መስመር ምክንያት ይጻፋል። አርቴታ ይሂድ አይሂድ የሚለው ደብተሩ ውስጥ አይገባም፤ እሱ በቡና ላይ ይወራል። የወዳጅነት ጨዋታም በማስረጃነት አይቀርብም። ይሄኛው ብዙዎችን አናደደ። በሂበርኒያን፣ በቼልሲና በቶተንሃም መሸነፋችንን ይዘው የመጡ ነበሩ።

እትዬ ደብተራቸውን ከኋላ ገልብጠው ሰጡን። ከፊት የሽሮና የቢራ ሒሳብ፣ ከኋላ የአርሴናል ዕጣ። የመጨረሻው ሰዓት ነሐሴ 7 ማታ 4 ሰዓት ሆነ፤ ከብሬንትፎርድ ጋር ሊጉ የሚከፈትበት ሰዓት ነው። ግምትን ማስተካከል የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የዝውውር መስኮቱ በሚዘጋበት በነሐሴ 25። የድሮው ቁጥር አይሰረዝም፤ አዲሱ ከጎኑ ይጻፋል።

ክርክሩን በእውነት የቀየረው ግን መምህሩ ወረቀት ላይ ያሰፈሩት ሠንጠረዥ ነው። 4ኛ የወጣው ቡድን ስንት ነጥብ ነበረው? በ2017/18 ሊቨርፑል 75፣ በ2018/19 ቶተንሃም 71፣ በ2019/20 ቼልሲ 66፣ በ2020/21 ራሱ ቼልሲ 67። እኛ 61 ነን። "እንግዲህ ከ5 እስከ 14 ነጥብ ይጎድለናል። ከየት ይመጣል?" ብለው ጠየቁ።

ጭቅጭቁ ያን ጊዜ መልክ ያዘ። ተማሪው የአውሮፓ ውድድር አለመኖሩን አነሳ። ቼልሲ በ2015/16 10ኛ ወጥቶ፣ ሳምንቱን ሙሉ እያረፈ በተጫወተበት በ2016/17 በ93 ነጥብ ዋንጫ ወስዷል። ሊቨርፑልም በ2013/14 ያለ አውሮፓ ውድድር በ84 ነጥብ 2ኛ ሆኗል። ሹፌሩ "ሱዋሬዝ አለህ? አዛርስ?" ብሎ መለሰ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የእነዚያ ቡድኖች ኮከቦች እነሱ ነበሩ። የባንክ ሠራተኛዋ ከፈረንጅ ገና በኋላ፣ ቼልሲን ካሸነፍን ወዲህ፣ የነበረው ፍጥነት ከቀጠለ ይበቃል አለች። 47 ለ24 ሲካፈል በአንድ ጨዋታ ወደ 1.96 ይደርሳል፤ ለ38 ጨዋታ 74 ነጥብ ማለት ነው። መምህሩ "ጥሩ ወቅትን ብቻ ቆርጦ ማባዛት ያታልላል" ብለው ከዚያ ላይ ቀነሱና 70 ነጥብ፣ 4ኛ ብለው ጻፉ። እሷ 67 ነጥብ፣ 5ኛ። ባለ ጋራዡ 75፣ 3ኛ። ሹፌሩ 52፣ 10ኛ።

ነሐሴ ያመጣው መዓት

ብሬንትፎርድ ከ74 ዓመት በኋላ በመጀመሪያ የከፍተኛው ሊግ ጨዋታው 2 ለ 0 አሸነፈን። ከዚያ ቼልሲ 2 ለ 0። ከዚያ ነሐሴ 22 ማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0፣ የእኛው ዣካም በቀይ ወጣ። ሦስት ጨዋታ፣ ዜሮ ነጥብ፣ ዜሮ ጎል፣ 9 ጎል ገብቶብን የሊጉ መጨረሻ ላይ ተቀመጥን። የማንቸስተር ደጋፊዎች እኛ ቤት ድረስ መጥተው ሙድ ያዙብን።

ማረሚያው ቀን ከዚህ 3 ቀን በኋላ ነበር። ሐሳቡ ሰው የተጠናቀቀውን ቡድን አይቶ እንዲያስተካክል ነው። በእርግጥም አዲስ ነገር ነበር። ኦዴጋርድና ራምስዴል ነሐሴ 14 ፈርመዋል፤ ቶሚያሱ በመጨረሻው ቀን ገባ። ከሎኮንጋ፣ ከታቫሬስና ከኋይት ጋር 6 መሆናቸው ነው። ሁሉም 23 ዓመትና ከዚያ በታች፤ ድምር ወጪው ወደ 150 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ። ስለ እነዚህ መነጋገር ሲገባን የተነጋገርነው ስለ 5 ለ 0 ነው። ከ9ኙ 6ቱ ግምታቸውን ዝቅ አደረጉ። ሹፌሩ 14ኛ ደረሰ። ባለ ጋራዡ እንኳ 8ኛ ብሎ ጻፈ፤ ፊቱ የተቀጣ ልጅ ፊት ይመስል ነበር።

በዚያ ማታ የተነገረ አንድ ነገር መዝግቤአለሁ። መምህሩ ብዕር አንስተው ዜሮ ነጥቡን ተቀበሉ፣ የቀሩትን 35 ጨዋታዎች በዚያው 1.96 አባዙ። 68 ከምናምን ወጣ። ከ70 ወደ 68 ዝቅ አሉ፤ ደረጃውን 4ኛ ላይ ተዉት። ሦስቱ ጨዋታዎች ውስጥ ሁለቱ ከእንግሊዝ ሻምፒዮንና ከአውሮፓ ሻምፒዮን ጋር እንደነበሩ፣ ይህም ከሰኔ ጀምሮ የታወቀ መሆኑን አስታወሱ። "በሰኔ ያወቃችሁትን ዛሬ እንደ አዲስ ትደነግጡበታላችሁ" አሉ። ማንም አልሰማቸውም።

የሜዳውም እውነት ከእሳቸው ጋር ነበር። ኋይት የቼልሲንና የሲቲን ጨዋታ በኮቪድ አልተሰለፈም። ጋብርኤልና ፓርቴ ተጎድተዋል። የተገዛው ቡድን ገና ሜዳ አልገባም። ራምስዴል፣ ቶሚያሱ፣ ኋይት፣ ጋብርኤልና ቲየርኒ በሊጉ አብረው የተሰለፉት ለመጀመሪያ ጊዜ ከኖርዊች ጋር ነው። ቀኑ እንቁጣጣሽ ነበር፣ መስከረም 1 ቀን 2014። ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ቤቱ በዶሮ ወጥ ሽታ ተሞልቶ፣ ኦባሜያንግ የዓመቱን የመጀመሪያ የሊግ ጎል አገባ። 1 ለ 0። ከዚያ በርንሌይ 1 ለ 0፣ ቶተንሃም 3 ለ 1። በሊጉ ቀጥሎ የተሸነፍነው ኅዳር ላይ በሊቨርፑል ነው።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

አርሴናል 22 አሸንፎ፣ 3 አቻ ወጥቶ፣ 13 ተሸንፎ በ69 ነጥብ 5ኛ ሆነ። ቶተንሃም በ71 ነጥብ 4ኛውን ቦታ ወሰደ። ግንቦት 14 ማታ ደብተሩን ገለጥነው።

መጀመሪያ የሠራውን ልናገር። ዓመቱን ሙሉ ማን ምን እንዳለ አላከራከረም። ሹፌሩ "እኔ እኮ አውሮፓ እንገባለን ብዬ ነበር" ብሎ ሲጀምር እትዬ ገጹን ገልጠው አሳዩት። ሳቀ፣ ጉዳዩ አለቀ። እሱና ባለ ጋራዡ መስከረም ላይ ወደ አንድ ጠረጴዛ ተመልሰዋል፤ ይህን ግን ለደብተሩ ብቻ መስጠት ይከብደኛል፤ ክትፎውም ረድቷል።

ምክንያት ማስጻፉም ጠቅሟል። በግብ ጠባቂው በራምስዴል ላይ የነበረው ክርክር ከሁሉ የከረረ ነበር፤ ከበርንማውዝም ከሼፊልድ ዩናይትድም ጋር ወርዷልና። ተማሪው ግን ራምስዴል በሁለቱም ክለቦች የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች መባሉን አስጻፈ። ጥቅምት ላይ ሌስተር ላይ የማዲሰንን ቅጣት ምት ሲያወጣ ሁሉም ወደ ተማሪው ዞሮ አጨበጨበ። የተጻፈ ምክንያት ባይኖር ኖሮ ያ ጭብጨባ ለማን እንደሚገባ አይታወቅም ነበር።

ያልሠራው ዋናው የማረሚያው ቀን ነው። ከቀነሱት 6 ሰዎች አምስቱ ከመጀመሪያ ግምታቸው ይልቅ ከእውነቱ ራቁ። ብቸኛው ያልተጎዳ መምህሩ ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ 68 ብለው 69 መምጣቱ ግማሹ ዕድል ነው፤ አንድ ተጨማሪ ሽንፈት ቢኖር ይህን አድናቆት አናወራም ነበር። አካሄዳቸው ግን ዕድል አልነበረም።

ደረጃና ነጥብ እንደሚለያዩም ያየነው እዚህ ነው። መምህሩ ነጥቡን ሊያገኙት ምንም አልቀራቸው፤ ደረጃውን ሳቱ። 69 ነጥብ በቀደሙት ሁለት ዓመታት 4ኛ ያደርግ ነበር፤ ዘንድሮ አላደረገም። የባንክ ሠራተኛዋ ደግሞ ደረጃውን በትክክል አገኘች፤ ምክንያቷ ግን "ኦባሜያንግ 20 ያገባል" የሚል ነበር። ኦባሜያንግ በሊጉ 4 ብቻ አግብቶ፣ ታኅሣሥ ላይ አምበልነቱን ተነጥቆ፣ ጥር ላይ ወደ ባርሴሎና ሄደ። እሷ ራሷ "በተሳሳተ መንገድ ቤቴ ደረስኩ" አለች።

ከሁሉ የከፋው ውጤት "ማን ብዙ ያገባል" በሚለው ነው። 8 ሰው ኦባሜያንግ፣ አንዱ ላካዜት። ሳካ 11፣ ስሚዝ ሮው 10 አገቡ። ሁለቱን የጻፈ የለም። ነገሩ ግልጽ ስለመሰለን ማንም አልተከራከረበትም፤ ስላልተከራከርንበት ማንም አላሰበበትም።

"ምን ሊበላሽ ይችላል" በሚለው ሥር ብዙዎቹ "ጉዳት" ብለው አለፉ። እንዲህ ያለ መልስ ምንም አይጠቅምም፤ የማይጎዳ ቡድን የለም። ልብስ ሰፊው ብቻ "ፓርቴ ከተጎዳ ምትክ የለንም" ብሎ አስጻፈ። መጋቢት 26 ፓርቴ በክሪስታል ፓላስ ጨዋታ ተጎዳ፣ እስከ መጨረሻው አልተመለሰም። ቲየርኒም አልነበረም። ጥር ላይ ብዙ ተጫዋች ሸኝተን ለዋናው ቡድን አንድም አላስገባንም ነበር። በፓላስ፣ በብራይተንና በሳውዝሃምፕተን በተከታታይ ተሸነፍን። 4ኛው ቦታ ያመለጠው በ2 ነጥብ ነው። በዓመቱ ከተጻፈው ሁሉ ይቺ መስመር በለጠችብኝ፤ የጻፋት ደግሞ በንዴት 10ኛ ያለው ሰው ነው።

ለሌላው የሚተርፈው

ይህን አካሄድ ለሌላ ቡድን፣ ወይም ለሥራ ዕቅድ መጠቀም የሚፈልግ ካለ፣ ከሁሉ በፊት ግምቱ በማን፣ መቼ፣ በምን እንደሚዳኝ ይስማማ። ቁጥር የሌለው ውርርድ ጠብ ነው የሚወልደው።

ንዴትን መከልከል አይቻልም፤ ሌላ ቦታ መስጠት ግን ይቻላል። አርቴታን በቡና ላይ ማውራት ስለተፈቀደ ደብተሩ ንጹህ ሆኖ ቆየ። ጨርሶ ቢከለከል ኖሮ ሁሉም ሰው ንዴቱን በቁጥር ያስመዘግብ ነበር።

የራስህን ሥራ የሚለካ ቁጥርና ሌሎች የሚወስኑትን ቁጥር ለያይተህ ገምት። ነጥብ በአብዛኛው የራስ ነው፤ ደረጃ ግን ቶተንሃም ምን ሠራ የሚለውን ይጨምራል። ባለ ጋራዡ ይህን ለሥራው ወስዶታል፤ በወር ስንት መኪና እጠግናለሁ የሚለውን ከሰፈሩ ጋራዦች ስንተኛ ነኝ ከሚለው ለይቶ ነው አሁን የሚያሰላው።

የማረሚያ ቀን ሲቆረጥ ደግሞ የጨዋታ መርሐ ግብሩን ማየት ያስፈልጋል። እኛ መስኮቱ የሚዘጋበትን ቀን ብቻ አይተን፣ ከፊቱ ቼልሲና ሲቲ መኖራቸውን ረሳን። በቀጣዩ ዓመት ቀኑ ወደ መስቀል ሰሞን ተዛወረ።

ሁሉም የተስማማበት ጥያቄ ላይ አንድ ሰው ተቃዋሚ ሆኖ እንዲከራከር መመደብም ተወሰነ። በ2022/23 ዋዜማ ዕጣው ለሹፌሩ ደረሰው። ጄሱስ ከሲቲ መጥቶ ስለነበር አብዛኛው ሰው እሱ ብዙ ያገባል አለ። ሹፌሩ ሽንጡን ገትሮ ለሳካ ተከራከረ፤ ሁለት ሰው አሳመነ። ኦዴጋርድና ማርቲኔሊ እኩል 15፣ ሳካ 14፣ ጄሱስ 11 አገቡ።